አባባ፣ ስለ ዓሣዎቹ ለጠየቁኝ

ይድረስ ለውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ናሆም ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ገብቷል። ድምፁ ጎርንኗል። ስልክ ሲያነሳ ሰው አባቱ እየመሰለው ሰላምታ ይጀምራል። ልዱ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትይዛለች። "አባባ ጋ ስንሄድ ዓሣዎቹን የማበላው እኔ ነኝ" ብላ ከወንድሟ ጋር ከአሁኑ ተጣልታለች።

የምጽፍልዎ ስልክ ስላልሆነልኝ ነው። ስልክ ላይ ገና "ጤናዎ እንዴት ነው" ስል እርስዎ ወደ ኮይ ዓሣዎችዎ ኩሬ ይገባሉ። እኔም ተከትዬዎት እገባለሁ። ስለ ማጣሪያው፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ነጯ ዓሣ ስናወራ ካርዱ ያልቃል። ስለዚህ መነጽርዎን አድርገው ራስዎ ያንብቡት። ለጎረቤት ልጅ ለሙሄ አይስጡት።

መጀመሪያ የጠየቁኝን ልመልስ።

ውሃው አረንጓዴ የሆነው በአልጌ ነው። ዘይቱኑ ከተቆረጠ ወዲህ ኩሬው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነው የሚውለው። ፀሐይና የዓሣ ቆሻሻ ካገኘ አልጌ ይረባል። ኩሬው ግማሹን ያህል ጥላ ያስፈልገዋል። ሙሄ አራት እንጨት ተክሎ ያን የድሮ ሸራ ቢወጥርልዎ ይበቃል። መድኃኒት እንዳይገዙ። አልጌው በአንድ ጊዜ ከሞተ ይበሰብስና የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። አረንጓዴ መሆኑ ብቻውን ዓሣዎቹን አይጎዳቸውም። እርስዎ ስለማያዩዋቸው ነው የከፋዎት፤ ይገባኛል።

የማጣሪያውን በርሜል ግን አደራ። ባለፈው ሙሄ ጠጠሩን በቧንቧ ጎማ አጥቦ፣ አጽድቶ ከመለሰው በኋላ ነው ዓሣዎቹ የታመሙት። ልጁን አይቆጡት፤ ለመልካም ብሎ ነው። ጠጠሩ ላይ ያለው ያ የሚያዳልጥ ነገር ቆሻሻ አይደለም፤ ባክቴሪያ ነው። ዓሣዎቹ የሚያወጡትና የተረፈው ምግብ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ መርዝ ነው። አንዱ ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ እሱም መርዝ ነው። ሌላው ደግሞ ናይትራይቱን ናይትሬት ያደርገዋል፤ ይሄኛው ብዙም አይጎዳም። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን እነዚህን ባክቴሪያዎች ይፈጃቸዋል። መልሰው እስኪበዙ አንድ ወርና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ያን ሰሞን በሺህ ሊትር አንድ ኪሎ ጨው ይጨምሩ ያልኩዎት ለዚሁ ነበር፤ ጨው ናይትራይቱ በሚተነፍሱበት በስንጥባቸው እንዳይገባ ይከላከልላቸዋል። ከእንግዲህ ጠጠሩ የሚለቀለቀው ከራሱ ከኩሬው በተቀዳ ውሃ ነው፤ በባልዲ፣ ቀስ ተብሎ። እጣቢውን ለሽንኩርቱ ይድፉለት፤ ደህና ማዳበሪያ ነው።

ውሃ በፈረቃ የመጣ ቀንም ጎማውን በቀጥታ ኩሬው ውስጥ አይልቀቁ። ክሎሪኑ ስንጥባቸውን ያቃጥለዋል። ሮቶው ውስጥ ክዳኑ ተከፍቶ አንድ ሁለት ቀን ይቀመጥ። በየሳምንቱ ከኩሬው አንድ አስረኛውን ያህል ያውጡና በዚያ ይተኩት።

ዳቦ ይቅር። እንጀራም ይቅር። በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ይስጧቸው። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ውሃውን ሲያቀዘቅዘው ደግሞ ይቀንሱላቸው፤ ብርድ ሲሆን ሆዳቸው ቶሎ አይፈጭም። ይበርዳቸው ይሆን ብለው ግን አይጨነቁ። ኮይን መጀመሪያ ያረቡት ኒጋታ የሚባል የጃፓን ተራራማ አገር ያሉ ሩዝ ገበሬዎች ናቸው። እዚያ በረዶ ከሰው ቁመት በላይ ይከመራል። ገበሬዎቹ ለምግብ ከሚያረቡት ካርፕ መሐል ቀለም ያለው ሲወጣ እየለዩ ነው እዚህ ያደረሱት። የኮምቦልቻ ብርድ ለእነሱ ብርድ አይባልም።

ሁለት ጨምሪልኝ ያሉኝን አላመጣም። ኩሬው ሦስት ሜትር በሁለት፣ ጥልቀቱ ሜትር ከሃያ ነው። ሰባት ሺህ ሊትር ቢሆን ነው። ለአንድ ትልቅ ኮይ ቢያንስ ሺህ ሊትር ያስፈልጋል ይላሉ። ሰባት አሉ፤ ሞልቷል። ደግሞም ገና ያድጋሉ፤ ስልሳ ሴንቲሜትር የሚያልፍ አለ። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እሱን በኋላ እነግርዎታለሁ።

አሁን ወደ መብራቱ ልምጣ።

መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ውሃው አይገላበጥም። ሌሊት ዓሣውም አልጌውም እኩል ኦክስጅን ይስባሉ። ስለዚህ በጣም የሚያንሰው ሊነጋጋ ሲል ነው። ኮምቦልቻ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ይህን ሁሉ እርስዎ ያውቁታል። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስተው አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው ሲያዛጉ ያዩዋቸዋል። በባልዲ እየቀዱ ከላይ ያፈሱላቸዋል። ትክክል ነው፤ ውሃው አየር ያገኛል።

ግን አባባ፣ ወድቀዋል።

እርስዎ አልነገሩኝም። የነገረችኝ የሙሄ እናት ናት። እርጥብ ሲሚንቶ ላይ፣ ባትሪውን በአፍዎ ይዘው፣ ባልዲው በእጅዎ እንዳለ። እነ ሙሄ ለሱብሂ ሲነሱ ነው ድምፅ የሰሙት። ሲደርሱ ጋቢዎ ግማሹ ውሃ ውስጥ ነበር። ምን ያህል ሰዓት እንደዚያ እንደቆዩ እሷም አታውቅም። በማግስቱ ደውዬልዎ ነበር። "ዓሣዎቹ ሁሉም ደህና አደሩ" አሉኝ።

ሌላም ነገረችኝ። የዓሣው ምግብ ካለበት ከኒዶው ቆርቆሮ ሥር የታጠፈ ወረቀት አለ። ደሴ ያዩዎት ሐኪም ወደ አዲስ አበባ ሪፈር የጻፉልዎ። የግንቦት ነው። አሁን ጥቅምት ገብቷል። "ልብ" የሚለውን ቃል አንብባልኛለች፤ የቀረውን ጽሑፉ አስቸገራት። እግርዎ ማበጡን ለፋሲካ ስመጣ አይቼ ነበር። "ጫማው ነው" አሉኝ። ከእማዬ ጓዳ በራፍ እስከ ኩሬው ሲሄዱ መሐል ላይ ቆም ብለው አጥሩን የሚያዩ መሰሉ። አጥሩን አልነበረም የሚያዩት። ትንፋሽዎን ነበር የሚሰበስቡት።

የልቤን ልናገር፤ ደግሞ ይስሙኝ።

ግንባሯ ላይ ነጥብ ያለባት ቀይዋ ዓሣ ማክሰኞ ምግቧን እንዳልጨረሰች ያውቃሉ። ጥቁሯ ጎኗን ከግድግዳው ጋር ስታሽ ባዩ ጊዜ ተውሳክ ይዟት ይሆናል ብለው ሥራ ላይ እያለሁ ደወሉልኝ። ሲሚንቶው አዲስ ሳለ ኖራው ዓሣ ይገድላል ሲባሉ፣ ያን ሁሉ ሳምንት እየሞሉ እየደፉ ጠበቁ። ቆርቆሮውን ሁለቴ ሲመቱት ሁሉም ይመጣሉ። ነጯ ጣትዎን በከንፈሯ ይዛ ትስባለች። ከአፏ ዳርና ዳር ያሉት አራት ሪዞቿ መዳፍዎ ላይ ሲልወሰወሱ ፊትዎ እንዴት እንደሚበራ ለፋሲካ ቆሜ አየሁት። እኔ ልጅ ሆኜ ያንን ፊት አላውቀውም።

ያቺን የጭነት መኪና፣ ኤንትሬውን፣ አጥር ሥር አቁመው እንግዳ ይዘው የገቡ ዕለት ትዝ ይልዎት ይሆን? እኔ ቡና አቀረብኩ። ሰውዬው "ስንተኛ ክፍል ነች?" አለ። "አምስተኛ" አሉት። ሰባተኛ ነበርኩ። እማዬ ከጓዳ ሆና "ሰባተኛ ነች" አለች። "እሱም ያው ነው" አሉና ስለ ሚሌ መንገድ ማውራትዎን ቀጠሉ። የሰውዬው ስኒ እጄ ላይ ነበር። ለእሱ መስጠቱን ረስቼ እንደያዝኩት ወደ ጓዳ ገባሁ።

በ1990 አሰብ ሲዘጋ አሁን ቤት ይቀመጣሉ ብለን ነበር። ጅቡቲ ተተካ። ያቺ መኪና አብልታ አስተምራናለች። ጉልበትዎንም የበላችው እሷ ናት። አመሰግናለሁ አባባ፣ ከልቤ ነው። ግን ለሰባት ዓሣ ብሎ ሌሊት የሚነሳ ሰው እቤታችን እንደነበረ ሳስብ ያመኛል። ልወቅስዎ ፈልጌ አይደለም ብል ውሸት ነው። ፈልጌያለሁ። ከዚያ ደግሞ ያ ጋቢ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይታየኛል፤ ወቀሳውን ሁሉ ያስረሳኛል።

በ2014 ያ ሁሉ ሰው ወደ ደብረ ብርሃን ሲወጣ "ቤቴን ጥዬ የት ልሂድ" ብለው ቀሩ። ስልክ ተቋረጠ። እነዚያን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው ነግሬዎት አላውቅም። ሁለተኛ አልችለውም።

መስከረም ላይ "እነዚህ እኮ ሠላሳ ዓመት ይኖራሉ አሉ። ከእኔ በኋላ ለማን ናቸው?" ብለው ጠይቀውኝ ነበር። እኔ ስለ ልዱ ጥርስ አወራሁልዎ።

መልሴ ይኸው። አዎ፣ ጥሩ ውሃ ያገኘ ኮይ ሃያ አምስት፣ ሠላሳ ዓመት ይኖራል። ከዚያም የሚዘልቅ አለ። እኔ ግን ኮምቦልቻ አልመለስም። እማዬ ካረፈች ጀምሮ ይህን ልነግርዎ እየፈራሁ ነው የኖርኩት። ሥራችንም የልጆቹ ትምህርትም እዚህ አዲስ አበባ ነው። ቤቱን ስለ መሸጥ ማንም አላነሳም፤ አይነሳምም። ኩሬውን ግን እኔ እይዘዋለሁ ብዬ ልዋሽዎ አልፈልግም። አዲስ ዓሣ አላመጣም ያልኩትም ለዚህ ነው። ያሉትን ሙሄ ይፈልጋቸዋል። ጠይቄዋለሁ። "ጋሼ ከፈቀዱ" አለኝ፤ ድምፁ ተቆራረጠ። ይህን የጻፍኩት የዚያን ቀን ቶሎ መምጣት አስቤ አይደለም። ስለጠየቁኝ ነው። እርስዎ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሲጠይቁኝ የመጀመሪያዎ ነው።

አሁን የምለምንዎትን ይስሙኝ። ወረቀቱን ከቆርቆሮው ሥር አውጥተው ከመታወቂያዎ ጋር ያስቀምጡት። የአውሮፕላን ቲኬት ለሚመጣው ሰኞ ቆርጫለሁ። ጣርማ በርን ሌላ ሰው እየነዳ ማለፍ እንደማይሆንልዎ አውቃለሁ፤ መኪናው ይቅር። እዚህ የልብ ሐኪም ቀጠሮ ይዤልዎታለሁ። ልጆቹ ክፍላቸውን ለቀውልዎታል።

የዓሣዎቹ ነገር አያስቡ። እርስዎ እዚህ እስካሉ ሙሄ እቤት ያድራል። ትልልቅ ኮዮች አንድ ሳምንት ሳይበሉ ቢቆዩም ምንም አይሆኑም። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ በሰው እጅ ልኬያለሁ። መብራት ሲጠፋ በራሱ ይነሳል፤ ባልዲው ከእንግዲህ ይበቃዋል። መብራት ለብዙ ሰዓት ጠፍቶ ከመጣ ግን በርሜሉ ውስጥ ታግቶ የቆየው ውሃ መጀመሪያ ይደፋ፤ ተበክሎ ነው የሚቆየው። ይህን ለሙሄ በደንብ ይንገሩት። ቅዳሜ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይመጣል። ያን በፕላስቲክ የተጠቀለለ የፓምፕ ገመድ ይቀይርና ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ በራሱ የሚቆርጥ ብሬከር ያስገባል። በሩን ይክፈቱለት፤ ሒሳቡን ከፍያለሁ። ብረታ ብረት ሠራተኛውም ለኩሬው ዳር መደገፊያ እየሠራ ነው። ልዱም ስለምትመጣ ያስፈልጋል።

እሑድ ማታ እደውላለሁ። ስለ ዓሣዎቹ ከማውራታችን በፊት "እመጣለሁ" ወይም "አልመጣም" ይበሉኝ። አልመጣም ካሉ እኔ እመጣለሁ፤ እርስዎንም ወረቀቱንም ይዤ ነው የምመለሰው።

ልጅዎ፣
ሰናይት