እድሩ ለቁም ሰውም ይድረስ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ከሆስፒታል ሲመለስ ከሰፈሩ ምክር አያጣም፤ የሚያጣው ቀጠሮውን የሚያስታውሰው ነው። በየወሩ ገደማ የሚወጋ መርፌ አለ፤ ፍሉፌናዚን ይባላል። ቀኑ ሲያልፍ ሕመሙ ወዲያው አይመለስም። ሳምንታት ቆይቶ ስለሚያገረሽ ቤተሰቡ መርፌው መቋረጡን ከምክንያት አይቆጥረውም። እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ አንገቱ ሲገተር፣ ለሃጩ ሲዝረበረብ ደግሞ «መድኃኒቱ ጎዳው» ተብሎ ይቆማል። እባካችሁ አታስቁሙት፤ ለጤና ባለሙያው ንገሩ፤ መጠኑ ይስተካከላል፣ ለመንቀጥቀጡም የሚሰጥ ክኒን አለ። ጸበል የሚሄድም መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ።

እድሮቻችን አንድ ሰው ይመድቡ፤ የቀጠሮ ካርዱን አይቶ ከሁለት ቀን በፊት ደጁን ያንኳኳ፣ የታክሲው ከእድሩ ሣጥን ይከፈል። ሰንሰለት ቁርጭምጭሚቱን የላጠው ሰው በጓሮ ካለም ዛሬውኑ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይነገር።