ደንበኛው ሲሄድ ስንብቱን ማን ይከፍላል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የጥበቃና የጽዳት ሠራተኛ የሚያቀርቡ ኤጀንሲዎች የሚከስሩት አብዛኛውን ጊዜ ገና ጨረታ ሲገቡ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ ቀጥሮ ለተጠቃሚ ድርጅት የሚያሰማራ ኤጀንሲ አሠሪው ራሱ ነው። ደንበኛው «በቃኝ» ስላለ ብቻ የሠራተኛው ውል አብሮ አይቋረጥም።

አንድ ትልቅ ደንበኛ ሄዶ ኤጀንሲው ሠራተኛ ለመቀነስ ተገደደ እንበል። በቀን 300 ብር እያገኘ 3 ዓመት ላገለገለ ሰው የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የ10 ቀን ደመወዝ ነው። በቅነሳ ምክንያት የሚጨመረው 60 ቀን ሲታከል 110 ቀን፣ ማለትም 33,000 ብር ይሆናል። በዚያ ላይ ለሠራተኛው የሚሰጥ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ አለ፤ ክፍያውም በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። በዋጋ ሰብሮ ያሸነፈው ኤጀንሲ ግን ያሰላው ደመወዝ፣ 11 በመቶ የጡረታ መዋጮና ስስ ኮሚሽን ብቻ ነው። 33,000 ብሩ ለ36 ወር ሲካፈል፣ በነፍስ ወከፍ በወር 917 ብር ገደማ መጠባበቂያ መያዝ ነበረበት።

ከደንበኛ ጋር የሚፈረመው ውል የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ብቻ ከያዘ፣ የቀረው ወር ደመወዝ ከኤጀንሲው ኪስ ይወጣል። ቢያንስ 75 ቀን ይሁን፤ ከ2 ወሩ በሚተርፉት ቀናት ሠራተኛውን ሌላ ቦታ መመደብ ይቻላል።

ጉድለቱን «የምዝገባ» እያሉ ከሠራተኛው መሰብሰብ ግን ክልክል ነው፤ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ። የግዥ ክፍሎችም የስንብት መጠባበቂያውን በጨረታ ሰነዳቸው ውስጥ ለብቻው ይጠይቁ።

አንድ አንባቢ
ከአዲስ አበባ