በሁለቱ ወርቆች መሀል ስላሉት ዓመታት፦ ግልጽ ደብዳቤ ለህንድ ስፖርት ሚኒስቴር

ለህንድ የወጣቶች ጉዳይና ስፖርት ሚኒስቴር
ኒው ዴሊ

ጤና ይስጥልኝ።

ኢትዮጵያዊ ነኝ። «አንተን ምን አገባህ?» ትሉኝ ይሆናል። ሒሳብ ያስተማሩኝ የእናንተ ሀገር ሰው ናቸው። መጀመሪያ የፒንግ ፖንግ ራኬት ያስያዙኝም እሳቸው ናቸው። ትምህርት ቤታችን መጋዘን ውስጥ እግሩ የተሰበረ ጠረጴዛ አገኙና በጡብ ደግፈው አቆሙት። ሰርቪሳቸውን አንድም ቀን በወጉ መልሼ አላውቅም። ስለዚህ ትንሽ ያገባኛል።

የምጽፈው ስለ ጠረጴዛ ቴኒስ (ፒንግ ፖንግ) ተጫዋቹ አቻንታ ሻራት ካማል ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የቼናይ ልጅ ነው፤ አባቱና አጎቱ አሠልጥነው አሳደጉት። በ2006 ሜልቦርን ላይ የኮመንዌልዝ ጨዋታዎችን (በአብዛኛው የቀድሞ የእንግሊዝ ግዛቶች የሚወዳደሩበትን) የነጠላ ወርቅ ሲወስድ 23 ዓመቱ ነበር። ሁለተኛውን የነጠላ ወርቅ በ2022 በርሚንግሃም ላይ ሲያገኝ 40 ሞልቶታል። ለፍጻሜ የገጠመው እንግሊዛዊውን ሊያም ፒችፎርድን ነው፤ ያውም በሰውዬው ሀገር። የመጀመሪያውን ጌም 13 ለ 11 ተሸነፈ። ከዚያ አራቱን በተከታታይ ወሰደ፤ አንዱንማ 11 ለ 2።

በዚያው ዓመት የሀገሪቱን ትልቁን የስፖርት ሽልማት፣ ኬል ራትናን ሰጣችሁት። ደግ አደረጋችሁ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን መሀል ላይ ያሉት 16 ዓመታት ናቸው። ለንደን 2012 ኦሊምፒክ ላይ አልነበረም። ህንድ በኤዥያ ጨዋታዎች በዚህ ስፖርት የመጀመሪያዎቹን ሜዳሊያዎች ያየችው በ2018 ጃካርታ ላይ ነው፤ ሁለት ነሐስ፣ በሁለቱም ውስጥ እሱ አለ። በ39 ዓመቱ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ከቻይናዊው የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ማ ሎንግ ጋር ተገናኘ። ውጤቱ 4 ለ 1 ተሸነፈ ነው የሚለው። ሦስተኛውን ጌም ያየ ሰው ግን 11 ለ 11 ሲሆኑ ትንፋሹን ይዞ ነበር። እኔ ይዤ ነበር።

ይህን ሁሉ ጊዜ በስፖርቱ ምን አቆየው? ደሞዝ። የመንግሥት የነዳጅ ድርጅት በሆነው ኢንዲያን ኦይል ሥራ ነበረው። በጀርመንና በስፔን ሊጎችም ተጫውቷል። እኛም ብዙ ሯጮቻችን የሚያድጉት በባንክ፣ በመብራት ኃይልና በመከላከያ ክለቦች ደሞዝ ስለሆነ ነገሩን እናውቀዋለን። ወር ሲደርስ የሚገባ ገንዘብ የሌለው ልጅ፣ ተሰጥኦ ቢኖረውም ቤተሰቡ «በቃ ሥራ ፈልግ» ይለዋል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የ2026ቱ የግላስጎው ኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ስፖርቶቹን ሲቀንስ ጠረጴዛ ቴኒስን አስወጥቶታል። ቀጣዩ በ2030 እናንተው ጋ፣ አህመዳባድ ነው። ከበርሚንግሃም ሲቆጠር ስምንት ዓመት! በ2022 የ19 ዓመት ልጅ የነበረ በ2030 27 ይሞላዋል። ሥራና ድጎማ የሚሰጠው ሜዳሊያ ታይቶ ከሆነ፣ ውድድሩ በሌለበት ሜዳሊያው ከየት ይምጣ?

ስለዚህ ልመናዬ ይኸው ነው። በመንግሥት ድርጅቶች ውስጥ ለጠረጴዛ ቴኒስ ተጫዋቾች የሚሰጠው የሥራ ቦታ በእነዚህ ዓመታት እንዳይቀንስ ጠብቁት። መለኪያው ሜዳሊያ ብቻ አይሁን፤ የዓለም ደረጃቸውንም እዩላቸው። አውሮፓ ሄዶ አንድ ሙሉ ወቅት መጫወት ለሚፈልግ ወጣት የጉዞና የኑሮ ወጪ መድቡለት። የሀገር ቤቱ ሊግ ጥሩ ነው፤ ግን በዓመት ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። በጥቂት ሳምንት ሻራት አይወጣም።

ሻራት በመጋቢት 2025 እዚያው ቼናይ ላይ ራኬቱን ሰቀለ። የመጨረሻ ጨዋታውን የተሸነፈው በሀገሩ ወጣት ነው። የዚያ ወጣት እኩዮች አሁን ስንት ሰዓት እየተለማመዱ፣ በማን ደሞዝ እየኖሩ እንደሆነ ጠይቃችሁ ብታውቁ ደስ ይለኛል።

አክባሪያችሁ፣
የአንድ ህንዳዊ መምህር ተማሪ
አዲስ አበባ