ለእማዬ፦ ስለ ግቢው የመብራት ሒሳብ

ውድ እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ቱሉ ዲምቱ ብርዱ እንዴት ነው?

ተከራዮቹ የመብራት ድርሻቸው ከብዷቸዋል ያልሽኝን አስቤበታለሁ። አባካኝ ሆነው አይደለም። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ነው፤ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለው በጣም ርካሽ ነው፣ ፍጆታው ከፍ ሲል ዋጋውም ይወጣል። አራት አባወራ እያንዳንዱ 45 ቢፈጅ፣ ቆጣሪ ለየብቻ ቢኖራቸው ሁሉም ርካሹ እርከን ላይ ይቀሩ ነበር። አሁን በሚጋሩት አንድ ቆጣሪ ግን 180 ሆኖ ይመዘገባል። በጣም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ የርካሹ እርከን ድጎማ የታሰበላቸው ሰዎች ሳይደርሳቸው ይቀራል። ታሪፉም ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው።

የቤቱን ካርታና መታወቂያሽን ይዘሽ በአቅራቢያሽ ያለው የኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል ሂጂና ለሰርቪሶቹ ተጨማሪ ቆጣሪ ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቂ። ካልተፈቀደ ለየክፍሉ ከዋናው ቀጥሎ የሚገባ ትንሽ ቆጣሪ በባለሙያ አስገጥሚ። እርከኑን አያወርደውም፤ ግን አንድ አምፖል ብቻ የምታበራዋ ሴትዮ የሌላውን ምጣድ አትከፍልም። በሰው ቁጥር ማካፈሉን ተዪው።

ትልቁ በላተኛ ምጣዱ ነው። የ3.5 ኪሎዋት ምጣድ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከሠራ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ብዙው የሚባክነው ምጣዱ እስኪሰማ ነው፤ ስለዚህ ሴቶቹ ተራ ይዘው አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ በጋለው ላይ ትቀጥል። አክምባሎው ጠርዙ ላይ በደንብ ይግጠም። የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራ ምጣዱን አጥፍተሽ በግለቱ አውጪያቸው። ምጣዱ ወደ 16 አምፔር ስለሚስብ ሶኬቱ ከሞቀ ወይም ከጠቆረ ሽቦው ላልቶ ሊሆን ይችላል፤ ሳይውል ሳያድር ይታይ፣ እሳት ያስነሳል።

ደግሞ በየወሩ በተመሳሳይ ቀን የቆጣሪውን ቁጥር ጻፊና ቢሉ ላይ ካለው የአሁን ንባብ ጋር አስተያዪ። በግምት ተሞልቶ ከከረመ የብዙ ወር ፍጆታ አንዴ ይወርድና ከፍተኛው እርከን ላይ ይጥልሻል። ማታ የቤቱን ዋና ማብሪያ አጥፊ፤ ቆጣሪው አሁንም የሚቆጥር ከሆነ ከቆጣሪው እስከ ቤቱ ባለው መስመር ላይ የሚያፈስ ወይም የተጠለፈ ሽቦ ሊኖር ይችላል። ለኤሌክትሪክ አገልግሎት 905 ደውይ፣ የቆጣሪውን ማሸጊያ ግን ማንም እንዳይነካው።

ያለፉትን ሦስት ወራት ቢልና የዛሬውን ንባብ ፎቶ አስነሺና በቴሌግራም ላኪልኝ፤ የየክፍሉን ድርሻ አስልቼ እመልስልሻለሁ።

ልጅሽ