ለጥርስ ሐኪሙም አንገት ይታሰብ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የጤና ዓምዳችሁን ሳላነብ አላልፍም። ጥርስ እንዴት እንደሚቦረሽ፣ ጣፋጭ ምን እንደሚያደርስ ትጽፋላችሁ፤ ጥሩ ነው። ወንበሩ አጠገብ ጎንበስ ብሎ ስለሚውለው ሰው ግን ተጽፎ አይቼ አላውቅም። እኔ ባሕር ዳር ውስጥ በመንግሥት ሆስፒታል የምሠራ የጥርስ ሐኪም ነኝ። የምጽፈውም ስለዚያ ሰው ኑሮ ነው።

አፍ ጠባብ ቦታ ነው። የኋለኛውን መንጋጋ ለማየት አንገት ይጠመዘዛል፣ ወገብ ይጎብጣል፣ ክንድ ምንም ሳይደገፍ ይቆያል። የሰው ራስ ቀጥ ሲል ከ4 እስከ 5 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ወደ ፊት በተደፋ ቁጥር አንገት ላይ የሚያርፈው ጫና እየበዛ ይሄዳል። እኛ ደግሞ እንደተደፋን ነው የምንውለው። በየትኛውም አገር የጥርስ ሐኪሞች የአንገት፣ የትከሻና የወገብ ሕመም የሚበዛባቸው ለዚህ ነው። እኔን የጀመረኝ ከቀኝ ትከሻዬ ነው። አሁን ፀጉሬን ለማበጠር እጄን ማንሣት ያቅተኛል። ማታ ከባለቤቴ ጋር ጣና ዳር ሻይ ልንጠጣ ስንወጣ መደገፊያ የሌለው ወንበር አይሆነኝም። ልጄ «እማ፣ እቀፊኝ» ስትለኝ ቁጭ ብዬ ነው የማቅፋት። ይሄ ከሕመሙ በላይ ያመኛል።

ግን የግድ እንዲህ መሆን የለበትም። በሽተኛው በደንብ የሚተኛበት ወንበር ካለ ሐኪሙ ከራስጌው ተቀምጦ፣ ጀርባውን ሳያጎብጥ ይሠራል። ረዳት ካለች ምራቁን በመምጠጫው ታወጣለች፣ ጉንጩን ትይዛለች፣ ዕቃ ታቀብላለች። እኔ የምሠራበት ወንበር መደገፊያው እስከ ታች አይወርድም። ስለዚህ ቆሜ ነው የምነቅለው። ረዳቴ ደግሞ ካርድ ክፍል ሰው በጎደለ ቁጥር ወደዚያ ትጠራለች። አንድ እጄ ጉንጭ ይዟል፣ ሌላው ጉጠት፤ ምራቁን ማን ያውጣ? መብራት ሲጠፋ መቦርቦሪያውን በአየር ግፊት የሚያሽከረክረው ኮምፕረሰርም ይቆማል። ጥርሱ ተቦርቡሮ ያላለቀለት ሰው አፉን እንደከፈተ ጀነሬተር እስኪነሣ እንጠብቃለን።

የመርፌውም ጉዳይ አለ። በሽተኛ የወጋንበት መርፌ የእኛንም ጣት ሊወጋ ይችላል። በደም የሚተላለፈው የጉበት በሽታ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ በዚህ መንገድ ሊይዘን ይችላል። ክትባቱ በ6 ወር ውስጥ 3 ጊዜ የሚሰጥ ነው። እኔ ራሴ ፈልጌ ነው የተከተብኩት። አዲስ ተቀጣሪ ሁሉ ሥራ ሳይጀምር ሊያገኘው ይገባል።

መንፈስን የሚያደክመው ግን ሌላ ነው። ሰው የሚመጣው ሕመሙ ሲብስበት ብቻ ነው። ከዘጌ በጀልባ፣ ከመራዊ በሚኒባስ፣ ጉንጩ አብጦ፣ በነጠላ ታስሮ ይመጣል። ቅርንፉዱን ነክሶበታል፣ ነጭ ሽንኩርቱን ሞክሯል፣ አረቄውን ተጉመጥምጧል። መግል የያዘ ቦታ ላይ ደግሞ ማደንዘዣ በደንብ አይሠራም። ሰውየው ይጮኻል፣ ውጭ የተሰለፉት ይሰማሉ፣ ቀጣዩ እየተንቀጠቀጠ ይገባል። ጥርስ ማዳን ተምሬ ነቃይ ሆኜ እውላለሁ። በትምህርት ቤት አብራኝ የነበረች ጓደኛዬ ይሄን መቻል አቅቷት መድኃኒት አስመጪ ቤት ገብታለች። እጇ እንዴት ያለ ረጋ ያለ እጅ ነበር!

ሥራዬን እወደዋለሁ። በሳምንቱ የተመለሰች አንዲት እናት «እጅሽ ይባረክ፣ እንቅልፍ አየሁ» ስትለኝ ድካሜ ሁሉ ይጠፋል። መቆየት እፈልጋለሁ፤ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

የሆስፒታል ኃላፊዎች የበሽተኛ ወንበር ሲገዙ የሐኪሙን መቀመጫ በዚያው ጨረታ ላይ ይጨምሩ። ረዳቷን ከአጠገባችን አያንሱብን። በአንድና በሌላው በሽተኛ መካከል አንገት የምናቃናበት ጥቂት ደቂቃ ይሰጠን። ወገብና ትከሻ የሚያስተካክለውን እንቅስቃሴ ፊዚዮቴራፒስት አስጠይቃችሁ በዓምዳችሁ ብታወጡልን ደግሞ ቆርጠን ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን።

አንባቢያንም አግዙን። ጥርሳችሁ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው መጠዝጠዝ ሲጀምር ያን ጊዜ ኑ። ብዙ ጊዜ ያኔ ተሞልቶ ይድናል። ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ከሆነ ግን ነርቩ ተነክቷል ማለት ነው፤ የሚቀረው ወይ የጥርሱን ሥር ውስጡን አጽድቶ የሚሞላው ረጅሙ የሥር ሕክምና ነው፣ ወይ መንቀል።

የጥርስ ሐኪም
ከባሕር ዳር