ሰንሰለቱ የት ያልቃል?

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ደብዳቤህ ደርሶኝ ሳለ ይህን ያህል ዓመት ዝም ማለቴ ሰበብ የማይገኝለት ጥፋት ስለሆነ፣ ይቅርታህን ከመለመን በቀር የምለው የለኝም። ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ አንድ የበሰበሰ ግንድ ነው።

ተማሪዎች ሳለን ሣር፣ ፌንጣ፣ እንቁራሪት፣ እባብና ጭልፊት በሰሌዳ ላይ ሥለን፣ ማን ማንን እንደሚበላ የሚያሳየውን የምግብ ሰንሰለት በቀስት ካያያዝን በኋላ፣ አንተ «ከጭልፊቱ በኋላስ?» ስትለኝ እኔ «እዚያ ያልቃል» ብዬ በኩራት መመለሴን ታስታውስ ይሆናል። ባለፈው ሳምንት ያንን ግንድ ገልብጬ ሳየው ነው ጥያቄህ የገባኝ። ከቅርፊቱ ሥር ነጫጭ የፈንገስ ክሮች ተዘርግተዋል፤ እንጨቱ በጣት ሲነካ እንደ እርጥብ አፈር ይፈረፈራል፤ በስንጥቁ ውስጥ አንዲት ሺህ እግር ተጠቅልላ ተኝታለች። እርሷ የበሰበሰውን ቆርጥማ ታደቅቃለች፤ አብስባሾች የሚለው ስም በትክክል የሚገባቸው ግን ፈንገሶችና ባክቴሪያዎች ናቸው፤ የሞተውን አካል ፈታተው ንጥረ ነገሩን ለአፈር ይመልሳሉ፣ አምራች የሆነው ዕፅዋትም ከዚያው በሥሩ ይስበዋል። እንግዲህ ንጥረ ነገር ይዞራል እንጂ አያልቅም።

የሚያልቀው ኃይል ነው። ሣሩ በብርሃን አስተጻምሮ ከፀሐይ ያከማቸውን ኃይል ፌንጣው ሲበላ፣ አብዛኛው በመተንፈስና በመንቀሳቀስ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል፤ ወደሚቀጥለው ደረጃ የሚያልፈው በግምት አንድ አሥረኛው ነው፣ ምንም እንኳ መጠኑ እንደየቦታው ከፍና ዝቅ ቢል። በዚህ ስሌት በሣሩ 10,000 የነበረው በፌንጣው 1,000፣ በእንቁራሪቷ 100፣ በእባቡ 10 ይሆንና ለጭልፊቱ 1 ይተርፈዋል። ጭልፊትን የሚያድን ሌላ ትልቅ አዳኝ በሰንሰለቱ ላይ ያልቀጠልነው ለዚህ ነበር፤ እኛ ግን ሰሌዳው ስለ ሞላ መስሎን ነበር! የኃይልን ጉዞ በዚህ መንገድ ያስተማረን አሜሪካዊው የሥነ ምኅዳር ተመራማሪ ሬይመንድ ሊንደማን በአንዲት ትንሽ ሐይቅ ላይ ያደረገው ጥናት የታተመው እ.ኤ.አ. በ1942፣ እርሱ ካረፈ በኋላ ነው።

«ሰንሰለት» የሚለው ቃል ራሱ አሁን አሁን አይጥመኝም። እንቁራሪቷ ከፌንጣ ሌላ ትንኝም ትበላለች፣ ጭልፊቱም እባብ ባያገኝ አይጥ ያነሣል፤ ስለዚህ «የምግብ ድር» ማለት ይሻላል። ድሩም ሁሉም ክሩ እኩል አይደለም። ተመራማሪው ሮበርት ፔይን በአሜሪካ የዋሽንግተን ግዛት ዓለታማ ጠረፍ ላይ ከአንድ ቦታ የባሕር ኮከቦችን እየለቀመ ሲያስወግድ፣ የእነርሱ ምግብ የነበሩ ባለ ዛጎል እንስሳት ተባዝተው ዓለቱን ያዙት፤ እ.ኤ.አ. በ1966 እንደጻፈውም 15 የነበሩት ዝርያዎች ወደ 8 ወረዱ። እንደ ባሕር ኮከቡ ያለውን፣ ሲጠፋ ድሩን የሚያናጋ ዝርያ «ቁልፍ ዝርያ» ይሉታል። ሥራውን የሚገልጥ ስም ነው።

የቃል ነገር ከተነሣ፣ እንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ አርተር ታንስሊ እ.ኤ.አ. በ1935 «ኢኮሲስተም» ሲል ሕይወት ያላቸውን ከአፈሩ፣ ከውኃውና ከአየሩ ሳይነጥል ነበር፤ የቃሉ መነሻ በግሪክኛ «ቤት» ማለት ነው። የእኛ «ሥርዓተ ምኅዳር»ም «ኀደረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ መምጣቱ፣ ማደሪያ ማለት መሆኑ፣ ደስ ያሰኘኛል።

ግንዱን እንደነበረ መልሼ ከገለበጥሁት በኋላ ቤት ገብቼ የድሮውን ሥዕል እንደገና ሞከርሁት። አብስባሾቹን ከታች አስቀምጬ፣ ከሣሩም ከፌንጣውም ከጭልፊቱም ወደ እነርሱ ቀስት ሳወርድ ወረቀቱ ተዥጎረጎረ። አንተ እጅህ ከእኔ ይሻላልና ብትሥለው የት ታስቀምጣቸው ነበር? ሥለህ ላክልኝ፤ በዚህኛው ዙር መልሴ አይዘገይም።

ወንድምህ