በተራራው መንገድ ላይ ማረፊያ ይሠራልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የምጽፍላችሁ ስለ መቀመጫ ነው። ሰው ለመሳለም በሚወጣበት ተራራ ላይ ስለሚሠራ የድንጋይ መቀመጫ።

ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ጅማ፣ ሄርማታ ነው። ሥራዬ ሻይ ልማት ላይ ነው። ልጅ ሆነን ቁርኣን ቤት ስንቀራ ሼኻችን አንድ ታሪክ ይነግሩን ነበር። አባታችን አደም ከጀነት ሲወርድ እግሩ ያረፈው ሰረንዲብ በሚባል አገር፣ ተራራ ጫፍ ላይ ነው ይሉናል። ሰረንዲብ ስሪላንካ መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ዘንድሮ ለሻይ ሥልጠና እዚያው ስላክ ተራራውን ሳልወጣ አልመለስም ብዬ ነበር የሄድኩት።

የአገሩ ሰዎች ስሪ ፓዳ ይሉታል። የተቀደሰ እግር እንደማለት ነው። ጫፉ ላይ፣ በትንሽ ቤተ መቅደስ ውስጥ የእግር ቅርጽ ያለው ድንጋይ አለ። ቡድሂስቶች የቡድሃ እግር ነው ይላሉ። ሂንዱዎች የሺቫ፣ እኛ የአደም። ከክርስቲያኖችም የሐዋርያው ቶማስ ነው የሚሉ አሉ። ቦታውን የሚጠብቁት የቡድሃ መነኮሳት ናቸው። ሻርፔን እንዳደረግሁ ወጣሁ፣ እንዳደረግሁ ወረድኩ። የማን ነሽ ያለኝ የለም። የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባቱታም እ.ኤ.አ. በ1344 እዚያ ደርሶ ወጥቶታል።

ከኮሎምቦ እስከ ሃተን በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ ተጓዝን። ኮረብታው ሁሉ ሻይ ነው። ያ መሬት ግን ድሮ የቡና መሬት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1869 የቡና ቅጠል ዋግ ገባና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቡናውን ጨረሰው። ሻይ የተተካው ከዚያ በኋላ ነው። የጅማ ልጅ ሆኜ ያንን ሳስብ ሆዴን ባር ባር አለው።

የጉዞው ወቅት ከታኅሣሥ ሙሉ ጨረቃ እስከ ግንቦት ሙሉ ጨረቃ ነው። ከዚያ ውጪ ዝናቡና ጭጋጉ ይከብዳል። ሰው የሚወጣው ሌሊት ነው፣ ንጋትን ጫፉ ላይ ለማየት። እኛም ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ጀመርን። ተራራው 2,243 ሜትር ነው። ጅማም ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ከፍታው አላስፈራኝም። ጉልበት የሚፈታው ደረጃው ነው። ከ5,000 በላይ ደረጃ አለው።

በዚያ ሌሊት ከፊቴ የነበሩት ነጭ የለበሱ አሮጊቶች ናቸው። ብዙዎቹ በባዶ እግራቸው። የልጅ ልጆቻቸው ብብታቸውን ደግፈው ያወጧቸዋል። መንገዱ ላይ መብራት አለ። በየተወሰነው ርቀት ጣሪያና መቀመጫ ያለው ማረፊያ አለ፣ ሻይ የሚፈላበት ዳስ አለ። ዳገቱ ሲብስ የሚይዙት የብረት መደገፊያ አለ። አሮጊቶቹ አሥር ደቂቃ ይወጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ትኩስ ሻይ ፉት ይላሉ፣ ይነሳሉ። ፍጠኑ የሚላቸው የለም። ወራጁና ወጪው ሲተላለፉ “ካሩናዋዪ” ይባባላሉ፣ ርኅራኄ ይብዛልህ እንደማለት።

አንድ ቦታ ላይ ተጓዦች ነጭ ክር ይዘረጋሉ። ቡድሃ እዚያ ቁጭ ብሎ ልብሱን ሰፍቷል ተብሎ ይታመናል። አጠገቤ የነበሩ እናት የክራቸውን ጫፍ አስያዙኝና ሌላውን ጫፍ ይዘው ወደፊት ሄዱ። አንድ ቃል አልተግባባንም። ከዚያ እስከ ጫፉ አብረን ወጣን። ጫፉ ላይ ደወል አለ። ሰው ተራራውን በወጣ ቁጥር ልክ ይደውላል። እኔ አንዴ ደወልኩ። እሳቸው አሥራ አንድ ጊዜ ደወሉ። ቆጠርኩ።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ፀሐይ ስትወጣ የተራራው ጥላ ደመናው ላይ እንደ ድንኳን ተዘርግቶ ሰው ሁሉ ሲደነቅ፣ እኔ የማስበው ጎረቤታችንን እማማን ነበር።

እማማ ከሰባ ዓመት በላይ ናቸው። ባለፈው ዓመት ተራራ ላይ ወዳለ ቤተ ክርስቲያን ለንግሥ ሲሄዱ የሚደግፋቸው ስላልነበረ እኔ ሸኘኋቸው። የቦታውን ስም አልጠራም፣ ችግሩ የአንድ ቦታ ብቻ አይደለምና። ዳገቱ መሀል ላይ ጉልበታቸው ከዳቸው። አረፍ የሚሉበት አጣን። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ሲቀመጡ የሚወጣው ሕዝብ ይገፋቸዋል፣ ሲነሱ እግራቸው ይንቀጠቀጣል። በመጨረሻ ነጠላቸውን አስተካከሉና “ልጄ፣ እኔ ከዚሁ ሆኜ ልሳለም። ጸበሉን አንቺ አምጪልኝ” አሉኝ። ጠርሙሳቸውን ተቀብዬ ወጣሁ። ስመለስ እዚያው ድንጋይ ላይ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው አገኘኋቸው።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ለመኪና የሚሆን መንገድ አላልኩም። በእግር በሚወጣበት ዳገት ላይ፣ በየአሥር ደቂቃው መንገድ አንድ የድንጋይ መቀመጫ፣ በላዩ ጥላ። ገደል ባለበት መደገፊያ ብረት። ቢቻል የሚጠጣ ውኃ። ይህ ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን ባላ በትር ይዘው በእግር ለሚጓዙትም ያስፈልጋል። እናቶቻችን በሁሉም መንገድ ላይ አሉ።

ገንዘቡ እንዴት ይገኛል እንዳትሉኝ። እኛ ሰፈር ዕድር ላይ ነገሩን አንስቼው ነበር። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ መቀመጫ የእኛ ዕድር ያሠራል ብሎ እጁን አውጥቷል። ድንጋይ ጠራቢም አግኝተናል። የጎደለን ፈቃድ ነው። ማንን እንደምንጠይቅ የሚነግረን አጥተን፣ አንዱ ወደ ሌላው እየላከን ነው። እባካችሁ የሚመለከታቸውን ጠይቁልንና መልሱን በጋዜጣችሁ አውጡልን።

በዓሉ ሊደርስ ሦስት ወር ቀርቶታል። እማማ ዘንድሮም እወጣለሁ ብለው አዲስ ምርኩዝ አስቆርጠዋል።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት አንባቢያችሁ፣ ከጅማ